ገመድ ያዥ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ከቅርጫት ኳስ ልምምድ ይዤ ስመለስ፣ ከሴንት ፖል በታች ወንዙን ተከትሎ በሚሄደው መንገድ ላይ ቀይ መብራት አቆመን። በስተቀኝ ያለው ገደል ላይ ውሃ እየወረደ ሳለ ረግቶ ተንጠልጥሏል፤ ከላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የቀጠነ ሻይ የመሰለ። መሃሉ ላይ ቀይ ጃኬት የለበሰ ሰው ተለጥፏል። ከታች ሌላ ሰው አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ገመዱን ይዟል። መንገደኛው ሁሉ የሚያየው የሚወጣውን ነው። እኔ ከታች የቆመውን አየሁ፤ እያየሁትም ቀረሁ።

«ማም፣ ኢትስ ግሪን» አለኝ ልጄ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ። ከሴንት ፖል አጠገብ ባለችው ኢገን ውስጥ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ፖስታ ክፍል እሠራ ነበር። ደብዳቤ እለያለሁ፤ የለየሁትን በጋሪ እየገፋሁ በየፎቁ አድላለሁ። አብራኝ ትኖር የነበረችው ታላቅ እህቴ ሂሩት በዚያው ዓመት በመስከረም አግብታ ሲያትል ሄዳለች። እኔም ሁለት መኝታ የነበረውን አፓርትመንት ለቅቄ፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ያዝኩ። ኢገን ሰው በእግሩ የሚሄድበት ከተማ አይደለም። ከአፓርትመንቱ ጋራዥ ወደ መሥሪያ ቤቱ ፓርኪንግ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ጋራዥ ነው። ብርዱ ሲጠነክር፣ ቤተ ክርስቲያን ካልሄድኩ በቀር ከዓርብ እስከ ሰኞ ድምፄን የማልሰማበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሰኞ ጠዋት ለጥበቃው «ጉድ ሞርኒንግ» ስል ጉሮሮዬ ተዘግቶ፣ ጠርጌ እንደገና መጀመር ነበረብኝ።

ማስታወቂያውን ያየሁት በምሳ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ነው። በግግር በረዶ ላይ መውጣት የሚያስተምር ክሊኒክ ይላል፤ አንዱ ለጀማሪ፣ አንዱ ለመካከለኛ፣ አንዱ ለበረቱ። ዕቃ እናቀርባለን ይላል። ከሥሩ በትንሽ ፊደል «ጓደኛ ከሌለዎት እኛ እንመድብልዎታለን» የሚል ነበረበት። በረዶ የሚለውን ከቁም ነገር የቆጠርኩት አይመስለኝም። የመጨረሻዋን መስመር ግን ሳንድዊቼን እንደያዝኩ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

ለሂሩት ደውዬ ነገርኳት።

«ክሊኒክ? ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ እንዴ?»

«ሕመም አይደለም፤ ትምህርት ነው። በረዶ ላይ መውጣት።»

«የት ለመድረስ?»

«ላይ ተደርሶ ይወረዳል» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ብቻሽን መኖር አልተስማማሽም» አለች። እውነቷን ነበር። ግን ሲያትል ሆና ማለቷ ከነከነኝ፤ ለሁለት ሳምንት ያህልም ዝም አልኳት።

ክሊኒኩ የሚሰጥበት ቦታ በድሮ ጊዜ ለጡብ የሚሆን አፈር የተቆፈረበት የወንዝ ዳር ገደል ነበር። ገና ስደርስ ፎርም አስሞሉኝ። አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው በሚለው ላይ የሂሩትን ስልክ ጻፍኩ። የምትመዘግበው ሴት ቁጥሩን አይታ «ቀረብ ያለ ሰው የለም?» አለችኝ። የለም አልኳት። አስተማሪያችን ክሬግ ይባላል፤ ጢሙ ላይ በረዶ የሚጋገርበት፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ሁለት ሁለት አድርጎ መደበን። ለእኔ የደረሰችኝ ሊንዳ የምትባል፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላት፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ነበረች። እዚያው አካባቢ ሜፕልዉድ በምትባል ከተማ በየቤቱ እየዞረች ፖስታ ታድላለች። ሥራዬን ስነግራት ሳቀች።

«አንቺ የለየሽውን እኔ እሸከማለሁ ማለት ነው» አለች።

ከጫማችን ሥር ባለጥርስ ብረት አሰሩልን፤ በየእጃችን አንድ አንድ መጥረቢያ ሰጡን። ገመዱ ከሚወጣው ሰው ወገብ ተነሥቶ ገደሉ አናት ላይ ባለ ቀለበት ውስጥ ያልፍና ተመልሶ ከታች በቆመው ሰው እጅ ይገባል። የሚወጣው አንድ እርምጃ ሲወጣ ከታች ያለው የረገበውን ይስባል። ቢወድቅ ገመዱ ይይዘዋል፤ ገመዱን ደግሞ ያ ሰው ይይዘዋል። ክሬግ በዚያ ቀን ደጋግሞ የተናገረው አንድ ነገር ነበር፦ «እጅሽ ከገመዱ፣ ዓይንሽ ከምትወጣዋ አይነሣ።»

መውጣቱን መግለጽ ይከብደኛል። መጥረቢያው በደንብ ሲሰካ ወፍራም ድምፅ አለው፤ በደንብ ካልተሰካ በረዶው እንደ ሳህን ተሰብሮ ፊት ላይ ይረጫል። በግማሽ ላይ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ፤ ሊንዳ ከታች «አለሁ፣ ይዤሻለሁ» ትለኛለች። ወርጄ ጓንቴን ሳወልቅ በጣቶቼ ውስጥ ደም መመለስ ጀመረ። እንደዚያ ዓይነት ሕመም አላውቅም ነበር፤ እንባዬ ወረደ። ሊንዳ ጃኬቷን ከፈተችና ሁለቱን እጆቼን ወስዳ ብብቷ ሥር አደረገቻቸው። ፊት ለፊት ተያይተን ቆምን። እጄን ሰው ከነካው ስንት ጊዜ እንደሆነው ያን ጊዜ አሰብኩ፤ ማስታወስ አልቻልኩም። ከዚያ በፔርሙዝ ያመጣችውን የዱር ሩዝ ሾርባ በክዳኑ ተቀባበልን።

መካከለኛው ክሊኒክ በወሩ ነበር። ተያይዘን ተመዘገብን፤ በዚህ ጊዜ መድቡን አላልንም። ቀኑ ብሩህና ንፋሻ ነው። እኔ ተራዬን ጨርሼ የሊንዳን ገመድ ይዣለሁ፤ እሷ ወደ አናቱ ተቃርባለች። ከእኛ ትንሽ እልፍ ብለው ስድስት የሚሆኑ ወጣቶች ትንሽ የጋዝ ምድጃ ከበው ቋሊማ ይጠብሳሉ። ሽታው ይመጣል። አንደኛው የሆነ ነገር ሲላቸው አንዲቱ ልጅ በሳቅ በጀርባዋ በረዶው ላይ ወደቀች፤ ሊያነሧት ሲሞክሩ ሁሉም ተከታትለው ወደቁ። እኔ ቆሜ አያቸዋለሁ። ቀናሁ ማለት ይበቃል መሰለኝ። ሊንዳ «ገመድ!» ብላ ኖሯል። አልሰማኋትም።

ገመዱን የያዝኩት እጄ አልለቀቀም። ግን ዓይኔ እዚያ በነበረበት ጊዜ እሷ ወጥታለች፣ እኔ አልሳብኩም። ስትወድቅ የረገበው ሁሉ አብሮ ወረደ። ገመዱ ጠበቅ ብሎ ወደ ላይ ሲጎትተኝ ቀና አልኩ፤ የእግሯ ብረት ጥርስ ከገደሉ የወጣች አንዲት ጠርዝ ላይ ነክሶ ቁርጭምጭሚቷ ሲዞር በዓይኔ አየሁ።

ወደ መኪና ሲወስዷት ፊቷ ነጥቷል። «ደውዪልኝ» አለችኝ። ክሬግ ገመዱን እየጠቀለለ ቆይቶ ወደ እኔ መጣ።

«ምን ነበር የምታዪው?»

«ሰዎች» አልኩት።

«በሚቀጥለው ጊዜ ከጀማሪዎቹ ጋር ትመለሻለሽ። ገመድ መያዝ ከመጀመሪያው ትማሪያለሽ» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አልደወልኩም። የመጨረሻዋ ቁጥር ላይ እየደረስኩ ስልኩን እዘጋዋለሁ። ኦፕራሲዮን ካስፈለጋት እሱ እስኪያልፍ እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ትንሽ እስክትድን። እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ አንድ እሑድ የምስር ሳምቡሳ ጠብሼ፣ በፎይል ጠቅልዬ ሜፕልዉድ ድረስ ድራይቭ አደረግሁ። ሁለተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። በክራንች ቀስ ብላ መጥታ ከፈተችልኝ።

«ሦስት ሳምንት» አለች።

«አፈርኩ።»

«ግቢ።»

እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተቀመጠች። ሳሎኗ ውስጥ ከሶፋው ፊት ለፊት ሌላ ወንበር አልነበረም፤ ከኩሽና አምጥቼ ተቀመጥኩ።

«ስሚኝ» አለች። «አንዴ ዞር አልሽ፣ እግሬ ተሰበረ። ያ በማንም ይደርሳል። ሦስት ሳምንት ግን አንዴ ዞር ማለት አይደለም። እዚህ ቁጭ ብዬ ማን ይደውል ይሆን ስል የማስባቸው ሰዎች ሁለት ነበሩ። ልጄና አንቺ።»

«ልጅሽስ ደወለች?»

«አሪዞና ናት። እሑድ እሑድ ትደውላለች።» ፎይሉን ፈታ አንዱን ሳምቡሳ ቀመሰች። «ያቃጥላል» አለችና አራት በላች። ስወጣ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። «ሐሙስ ነይ፣ ቆሻሻ የሚያወጣልኝ የለም» አለችኝ። ሐሙስ ሄድኩ። ከዚያም ሌሎች ሐሙሶች።

የጀማሪዎቹን ክሊኒክ በመጋቢት ደገምኩ። የተመደበልኝ ወሬ የማይሰለቸው የጥርስ ሐኪም ነበር። ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ከእሱ ሳላነሣ ገመዱን ያዝኩ፤ ሁለት ቀን አንገቴ አልዞር አለኝ። ለበረቱት የሚሰጠውን ክሊኒክ አልወሰድኩም። ሊንዳም ወደ በረዶው አልተመለሰችም፤ ጡረታ ወጥታ በበጋ ወደ ልጇ ሄደች። ጥቂት ፖስትካርድ ተላላክን። ከዚያ እኔ ነርሲንግ ትምህርት ገባሁ፣ ቤትም ቀየርኩ፤ አድራሻዋ ከእጄ ጠፋ። የጠፋው በእኔ ስንፍና ነው።

ለረጅም ጊዜ እነዚያን ወራት ሳስብ ከመውደቋ ሌላ አይታየኝም ነበር። አሁን ግን የሚቆረቁረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰው አጥፍቶ ሲሸሽ የበደለውን ሰው ላለማየት የሚሸሽ ይመስለዋል። እኔ የሸሸሁት በዚያ ከተማ ውስጥ «ደውዪልኝ» ካለችኝ ከአንዲቱ ሰው ነበር። እሷም ስልኩን እያየች ተቀምጣለች ብዬ አላሰብኩም። ብቸኛዋ እኔ ብቻ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በዚህ ወር በምሠራበት ሆስፒታል አብዲ የሚባል ነርስ ባልደረባዬ የአንዱን በሽተኛ መድኃኒት ለሌላው ሰጠ። ቶሎ ተደረሰበት፤ በሽተኛው ምንም አልሆነም። አብዲ ግን በማግስቱ አልመጣም፤ ስልኩም አይነሣም። ሌሎቹ ብቻውን ይሁን፣ ተዉት አሉ። እኔ እስኪያነሣ ድረስ ደወልኩ።

«ምን ብዬ እገባለሁ?» አለኝ።

«ምንም አትበል። ነገ ጠዋት ፓርኪንግ ላይ እጠብቅሃለሁ፣ አብረን እንገባለን።»

ጠዋት ስደርስ ቀድሞኝ መጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፤ ሞተሩን አላጠፋም፣ መስታወቱ በእስትንፋሱ ደፍርሷል። በጣቴ አንኳኳሁ።