ማንጎው ሥር የተደፋ አመድ

ማንጎውን የተከለው ወንድሜ ነው። ችግኙን ከኩርሙክ መንገድ ገዝቶ፣ ባጃጅ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አቅፎት ሲመጣ፣ «እኔ እኮ ሙሽራ ያመጣህ መስሎኝ!» ብዬ ስቄበት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን በዚያ ዛፍ የሚቀልድ ሰው እናቴ ፊት አይቆምም።

እናቴ ከወሎ በሰፈራ ነው አሶሳ የመጣችው። የዚህ አገር ቀይ አፈር ኮምጣጣ እንደሆነ፣ ኖራ ወይም አመድ እንደሚያለዝበው ከግብርና ሰዎች ሰምታለች፤ አመድ መድፊያው ላይ የበቀለው ዱባዋም መስክሮላታል። ልጇን ከቀበርን ጀምሮ በየጠዋቱ፣ ሶላቷን ሰግዳ ስታበቃ፣ የምድጃዋን አመድ ዝቃ ማንጎው ሥር ትደፋለች። «እማ፣ ኧረ ይበቃዋል» ስላት፣ «ለልጄ ዛፍ አመድ ልትሰስቺ ነው?» ትለኛለች። እኔ ቁጡዋ እንኳ ትቻት ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

አምና ቅጠሉ ማነስ ጀመረ። ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ ሌላው ገረጣ። እናቴ አመዱን ጨመረች። ዘንድሮ የቅርንጫፉ ጫፍ መድረቅ ሲጀምር አንዲት የግብርና ባለሙያ ለምኜ አመጣሁ፤ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ የበርታ ልጅ ናት። ከሥሩ አፈር ቆፍራ በውሃ በጠበጠች፤ የኮምጣጣነት መለኪያ ወረቀት ነክራ አየች።

«እማማ፣ ዛፉ የሚመገበው ብረት አፈር ውስጥ አለ፤ ዚንክም አለ» አለች በቀስታ። «ግን አመድ በጣም በዛ። ኮምጣጣው ጠፋ፣ ብረቱ ታሰረ። አጠገቡ ነው ያለው፤ ሥሩ መብላት አልቻለም።»

ተናደድኩባት። ለሐዘንተኛ እንዲህ ይነገራል?

«አጠገቡ እያለ?» አለች እናቴ።

«አዎ፣ እማማ።»

ምን እንደታወሳት አወቅሁ። ወንድሜ ታሞ በመጨረሻው ሰሞን ገንፎው ፊቱ ተቀምጦ መዋጥ አቅቶት ነበር። እሷ «አንዲት ብቻ፣ አፈር ልብላልህ» እያለች ታጎርሰዋለች፤ እሱም እንዳይከፋት ብሎ አፉን ይከፍታል።

ባለሙያዋ አመዳሙን አፈር አንሥተን በሌላ እንድንተካ ነገረችን፤ ቅጠሉ ላይ የሚረጭ ብረት ያለበት ነገርም አመጣለሁ አለች። ይተርፍ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

በማግስቱ እናቴ እንደ ልማዷ አመዷን በሳፋ ዝቃ ወጣች። ማንጎው ጋ ስትደርስ ቆመች። ልቀበላት ብጠጋ አልሰጥም አለች። አመዱን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች፣ «ታዲያ አሁን ምን ላድርግለት?» አለችኝ።