ሁለት ጊዜ የዘጋሁት ጥሪ

ባለፈው ኅዳር ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ዳባትን እንዳለፈ፣ ከኋላዬ ከተቀመጠች ተማሪ ስልክ «ጢው» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁና ፊቴ ባንድ ጊዜ ጋለ። ሌላው ተሳፋሪ ልብ እንኳ አላለውም፤ እኔ ግን ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። በአንድ የስልክ ጨዋታ ውስጥ ያለ ትንሽ ሰውዬ ከገደል ወድቆ ሲሞት የሚያሰማው ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመቴ በእሱ ምክንያት የሠራሁትን ሥራ እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም አልተናገርሁም ነበር።

አባቴ ታከለ በበቅሎው የእንግዶችን ጓዝ ወደ ስሜን ተራራ እየጫነ የሚተዳደር ሰው ነበር። አንዱ እንግዳ ሲሰናበተው አሮጌ ስልኩን ተወለት፣ ጨዋታውም በውስጡ ነበረበት። ጨዋታው አዲስ ሆኖ ሳለ ሆን ተብሎ የድሮ እንዲመስል የተሠራ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ገደሉም እሾሁም ደመናውም ከአራት ማዕዘን ነጠብጣብ የተገጣጠመ ስለነበር የሰፌድ ጥለት ይመስለኝ ነበር። ቀይ ቆብ ያደረገውን ድንክዬ «ጩጬ» ብዬ ስም አወጣሁለት።

እንግዳ በማይመጣበት ክረምት ስልኩ የእኔ ነበር። ጉሙ ደጃችን ድረስ ወርዶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ጋቢ ተከናንቤ ጩጬን ከገደል ወደ ገደል ሳዘልል እውል ነበር። ጣቴ ለቅጽበት ከዘገየች ይሞታል፣ ወዲያው ደግሞ ከደረጃው መጀመሪያ ይነሣል። ትምህርት ቤት አንድ መልስ ብስት ሳምንቱን ሙሉ ሲሳቅብኝ ይከርም ነበር፤ እዚያ ግን መቶ ጊዜ ስቼ በመቶ አንደኛው ሲሳካልኝ የሚታዘበኝ አልነበረም፣ ያችን ደስታ የሚያህል ነገርም አላውቅም ነበር። እናቴ «ይህችን ልጅ ስልኩ ሊውጣት ነው» ስትል፣ አባቴ «ተያት፣ ምን አጠፋች?» ይላት ነበር።

መስከረም ጠብቶ እንግዳ መምጣት ሲጀምር ግን ስልኩ የሥራ ሆነ። ባለበቅሎዎቹ በተራ ነበር የሚሠሩት፤ ተራ አስከባሪው ደውሎ ያላገኘውን ሰው አልፎ ለሚቀጥለው ይሰጣል፣ የታለፈውም ከሁሉ መጨረሻ ተመልሶ ይሰለፋል። የዚያ ዓመት ተራ አስከባሪ ጋሽ ደሴ ነበሩ፤ የአባቴ አብሮ አደግ፣ በማርያም ማኅበርም አብረው ጽዋ የሚጠጡ፣ እኔንም ከገበያ ሲመለሱ ሸንኮራ የማያሳጡኝ ሰው።

በኅዳር አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ በቅሎዋን ውኃ ሊያጠጣ ሲወርድ «ይታይሽ፣ ደሴ ከደወለ ሮጠሽ ጥሪኝ፣ ተራዬ ደርሷል» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። እኔም ወዲያው ጨዋታውን ከፈትሁ፣ በዚያም ቀን ከዚያ በፊት ደርሼበት የማላውቀውን የመጨረሻውን ደረጃ ረገጥሁ። ጩጬ አየር ላይ እያለ ስልኩ ጠራና የጋሽ ደሴ ስም ገደሉን ሸፈነብኝ። ዘጋሁት። ደግመው ደወሉ፣ አሁንም ዘጋሁት፣ ከዚህች ዝላይ በኋላ ሮጬ እጠራዋለሁ ብዬ። ጩጬ ግን «ጢው» ብሎ ወደቀ። ያን ጊዜ ደነገጥሁና፣ ሮጬ አባቴን እንደ መጥራት፣ ጥሪዎቹን ከስልኩ አጠፋኋቸው።

በማግስቱ እንግዶቹ ተራራው ላይ ወዳለው ጊች የወጡት በጋሽ ደሴ ሚስት ወንድም በቅሎ ነበር። አባቴ ስልኩን ይዞ ወደ ጋሽ ደሴ ሄደ፤ እኔም ተከተልሁት።

«ደሴ፣ ተራዬን ለዘመድህ ሰጠኸው?»

«ሁለት ጊዜ ደወልሁልህ እኮ!»

«የታለ? ና እየው!» አለና ባዶውን ስልክ በሰው ፊት አሳያቸው።

ጋሽ ደሴ ስልኩን ትኩር ብለው አዩና የራሳቸውን እንኳ ሳያወጡ ጀርባቸውን ሰጥተውት ሄዱ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰላምታ አቋረጡ። የተጣሉ ሰዎች አንድ ጽዋ አይጠጡምና ማኅበሩም ታመሰ። ሽማግሌዎች ሲመላለሱ ከርመው፣ ጥምቀት ሲቃረብ፣ ጋሽ ደሴ ጠፍጣፋ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ግቢያችን ገቡና አጎንብሰው «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አሉ። አባቴ «ይቅር ለእግዜር» ብሎ ድንጋዩን አወረደላቸው፣ ተቃቀፉም። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ስልኩን በነጠላዬ ሸፍኜ አያለሁ። አፌን ከፍቼ አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ አልተናገርሁም። ይብስ ብዬ በማግስቱ ጩጬን ካቆምሁበት ቀጠልሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

አባቴ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ከሚኒባሱ ወርጄ ቤት ሳልደርስ ወደ ጋሽ ደሴ ሄድሁ፤ ከዘራቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። መሬት መሬቱን እያየሁ ሁሉንም ነገርኋቸው።

ከዘራቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። «ጠርቶ ጠርቶ እንዳልቀረ አውቅ ነበር» አሉ። «ሁለቴም ሰው ነው የዘጋው። እኔ ግን ታከለ ራሱ ዘግቶ የካደኝ መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ድንጋዩን ለምን ተሸከሙ?»

«ካለሱ ጽዋው አልዋጥልህ ቢለኝ ነዋ፣ ልጄ። ግን በሆዴ ውሸታም እንዳልሁት ኖርሁ፤ ሲቀበርም እንደዚያው እንዳልሁት አፈር አለበስሁት።» እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ነገ መቃብሩ ድረስ ውሰጂኝ። ያኔ ሳልበድለው ነበር ይቅርታ የጠየቅሁት፤ አሁን ግን ዕዳ አለብኝ።»

እኔን አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ ጩጬ በወደቀ ቁጥር ባንዲት ጣት አነሣው ነበር፤ በማግስቱ ግን የጋሽ ደሴን ክንድ በሁለት እጄ ደግፌ፣ አሥር እርምጃ ሄደው ባረፉ ቁጥር አብሬያቸው እያረፍሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ወጣን። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ከእኔ ቀድመው አጎነበሱ።