የሰገነት ስለትና የአሳማው ቡሩሽ

ከፈላና በር አጠገብ፣ ደጇ በብረት ሳጥን የታጨቀባት ሴት ማን ናት ቢባል፣ «ሰገነት ናታ!» የማይል የሐረር ሰው አልነበረም። የሬዲዮ ቀፎ በሉት፣ የስልክ ሳጥን በሉት፣ የሐኪም ዕቃ መያዣ በሉት፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ብረት ሁሉ ዝጎና ቀለሙ ተልጦ እሷ ዘንድ ይመጣል። ከእጇ ሲወጣ ባለቤቱ እንኳ አይለየውም። «ደግሞ ሴት ልጅ ብረት ትቀባለች?» ያሉ ነበሩ። ይበሉ! ያሉት ሰዎች የራሳቸው ሬዲዮ ሲዝግ ወዴት ይዘውት እንደሚሮጡ ሰፈሩ ያውቃል።

ሙያው የባሏ የሽፈራው ነበር። በጣሊያን ጊዜ ሬዲዮ መጠገኛ ቤት ተቀጥሮ ያየውን ይዞ ወጣ። እሱ ሲሞት እሷ የሐዘን ልብሷን ሳታወልቅ ቡሩሹን አነሣች። ዘመድ ተሰብስቦ «ጠላ ጥመቂና ሽጪ» ቢላት፣ «የኔን ጠላ ማን ይጠጣዋል? ለራሴም አይጥመኝ» ብላ አሰናበተችው። አፏ እንዲያ ነው፤ በልቧ ያለው ምላሷ ላይ ነው።

ሥራዋን ቁጭ ብሎ ያየ ሰው አይንቃትም። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍግና በነጭ ጋዝ ታጥበዋለች። አሸዋ አድርቃ፣ በዱቄት ወንፊት ነፍታ፣ ከወፍራም ቀለም ጋር ትለውሰዋለች። ከዚያ ቡሩሹን አትጎትተውም፤ በጫፉ ብቻ ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች። ሲደርቅ ፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል፤ ጭረቱን ይሸፍናል፣ ስርጉዱን ይደብቃል። ለዚህ ደግሞ ጠንካራ ፀጉር ያለው ቡሩሽ ግድ ነው። በፍየል ፀጉር ሞክራ ተልፈሰፈሰባት። በከብት ጭራ ሞክራ ቀለሙን ጠጥቶ አስቀረባት። የሚሆነው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሽፈራው ከጣሊያኑ አለቃው እንደሰማው የአሳማ ፀጉር ነው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሐምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ቀኝ እጇ አበጠ። ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ፤ ቡሩሽ ቀርቶ ማንኪያ መያዝ አቃታት። ሐኪሙም ወጌሻውም ሲያቅታቸው ሐኪም ከሚባለው ተራራ ግርጌ ወዳለችው የእመቤታችን ደብር ሄዳ ተሳለች። «እመቤቴ፣ እጄን መልሽልኝ እንጂ የመጀመሪያ ሥራዬ ያንቺ ነው» አለች። ወር ሳይሞላ እጇ ዳነ።

ያን ሰሞን ደብሩ ለንግሥ በዓል የሚሆን አሮጌ የድምፅ ማጉያ ገዝቶ ነበር። ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ ይናገራል፤ ሳጥኑ ግን ለዓይን ያስጠላል። ሰገነት «ስለቴ ይኸውና!» ብላ ሆድ ዕቃውን አስወጥታ ሳጥኑን ወሰደች። በዕድሜዋ እንደዚያ ተጠንቅቃ የቀባችው የለም።

ሊያዩ ከመጡት ጎረቤቶች አንዷ «በምን ብትቀቢው ነው እንዲህ ያማረው?» ስትል ጠየቀቻት። ሰገነትም ደስ ብሏት አሸዋውንም፣ ወንፊቱንም፣ ቡሩሹንም አንድ ባንድ ነገረቻት። ምን ትደብቅ? ወሬው ግን እግር አውጥቶ ሄዶ፣ ሳይመሽ ከደብሩ ሹም ከባላምባራስ ኪዳነወልድ ጆሮ ገባ።

እሑድ ጠዋት ሳጥኑን በነጠላ ጠቅልላ ስትደርስ ባላምባራስ በሩ ላይ ቆመው በጭራቸው ዝንብ ያባርራሉ።

«አይገባም» አሉ።

«ምኑ ነው የማይገባው?»

«ሳጥኑ። አሳማ የነካው ነገር ቅጥሩን አይረግጥም።»

ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው ቆመ። የሰገነት ደም ፈላ። «ባላምባራስ፣ አሳማውን መች በላሁት? ፀጉሩን ቀለም አስነካሁት እንጂ።»

«ርኩስ ያው ርኩስ ነው።»

«እሺ፣ ፈረስስ ይበላል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ይህ በእጅዎ ያለው ጭራ የምን ነው? ፈረስ አንበላም፤ በጭራው ግን ዝንብ እያባረሩ ከማኅሌት ይቆማሉ። የፈረሱን ማን ባረከው?»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ባላምባራስ ጭራውን ማወዛወዝ ተዉ። ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በሌላ ቡሩሽ ነው የቀባሁት በይና ግቢ። ማንም አይመረምርሽም» አሏት።

ይሄ ነው ያሳበዳት! እውነቱ ርኩስ፣ ውሸቱ ንጹሕ መሆኑ ነው። «ከደጇ ቆሜ እመቤቴን ልዋሻት? ስለቴን አምጥቻለሁ። የከለከላችሁት እናንተ ናችሁ፤ መልሱንም እናንተ ስጧት» ብላ ሳጥኑን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ቤቷ ስትገባ ግን ፍርሃት መጣ። ያልገባ ስለት ዕዳ ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። ሥራ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች፣ አበጡ ወይስ አላበጡም ብላ ታገላብጣቸዋለች። «በስለት በር ላይ ዘበኛ ማን አደረጋቸው?» እያለች ቡሩሹን ትወረውራለች፤ መልሳ ታነሣዋለች።

በንግሡ ዋዜማ ቀለም ልትገዛ ጊደር መጋላ ገበያ ወዳለው አደም ሱቅ ወረደች። አደም ምስማርና ቀለም የሚሸጥ የድሮ ደንበኛዋ ነው።

«የባላምባራስ ሰዎች መጥተው ነበር» አላት። «የቤተ ክርስቲያኑን ሳጥን እንደገና ልንቀባው ነው፣ ንጹሕ ቡሩሽ ስጠን አሉኝ።»

«ምን ሰጠሃቸው?»

«ያለኝን ነዋ! እህቴ፣ ወላሂ የኔ ቡሩሽ አንድ ዓይነት ነው። አንቺ ስትወስጂ የኖርሽውን ነው የወሰዱት። ከምን እንደሚሠራ ጠይቄ አላውቅም፤ አሁንም እንዳትነግሪኝ።»

ሰገነት ሳቀች፤ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም። ነገ በሕዝብ ፊት ባላዋርዳቸው ስትል ማለች። ሌሊቱን የምትናገረውን ስታሰናዳ አደረች።

በነጋታው ደብሩ በሰው ተጥለቀለቀ። ሳጥኑ ከዳሱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ቀለም ደራርበውበታል። ባላምባራስ አዩአትና በኩራት ጠሯት።

«አየሽ፣ ወይዘሮ ሰገነት? አጽድተን አስገባነው። አዲስ ቡሩሽ ነው፣ ንጹሕ!»

ያሰናዳችው ቃል ሁሉ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ከመናገሯ በፊት እጇን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች። አረንጓዴው ሊሸፍነው አልቻለም፤ አሸዋዋ ከሥር አለ፣ ጠቅ ጠቅ ያደረገችው ሁሉ እንዳለ ነው። እዚያ ቆማ ገባት። አሁን አፏን ብትከፍት ባላምባራስ ይዋረዳሉ፤ ሳጥኑም ተጎትቶ ይወጣል፣ ስለቷም አብሮ ይወጣል። ዝም ብትል ስለቷ ገብቷል፤ እሳቸው ግን ጻድቅ እንደሆኑ ይቀራሉ።

የሰገነት አፍ ያን ቀን ያን ሁሉ እንዴት እንደዋጠ እስከ ዛሬ የሚገርመው አለ። እንደ እሬት መረራት፤ ዋጠችው። «ደግ አደረጋችሁ» ብላ ጎንበስ አለች።

ማጉያው ተከፍቶ ስለት ያስገቡት በስማቸው ሲጠሩ፣ ምንጣፍ ላመጣችው እልል ተባለ፤ ጥላ ላመጣውም እልል ተባለ። የሰገነት ስም አልተጠራም። ሲያበቃ ብቻዋን ራሷን ቀና አድርጋ ለራሷ ስለት እልልታውን አቀለጠችው። ባላምባራስም እልልታው ለእሳቸው ንጹሕ ቡሩሽ መስሏቸው፣ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።