የደወሉን ድንጋይ የሰበርኩት እኔ ነኝ

ይድረስ በዚህ ገጽ ጽሑፌን ለምትከታተሉ ልጆቼ፣ በተለይም ባለፈው ሳምንት «እውነቱን ተናግረው ምንም ያልጠቀመበት ቀን ገጥሞዎት ያውቃል ወይ» ብሎ ለጠየቀኝ ወጣት። «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» እያልኩ ስመክር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ጥያቄውን በዝምታ ማለፍ አልተቻለኝም።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን፣ ሃምሳዎቹ ሲገባደዱ የሆነ ነው። ዜማ ተምሬ፣ ቅኔ ቤት ገብቼ፣ ድቁና ከተቀበልኩ በኋላ ዘመናዊውን ትምህርት ተከትዬ አዲስ አበባ ኮሌጅ ገባሁ። በመጀመሪያው ዓመት የጂኦሎጂ መግቢያ ደረሰኝ። በመጽሐፍ ያደገ ሰው እንዴት ድንጋይ ያጠናል ብዬ ንቄው ነበር... ኋላ ግን ልቤን ወሰደው።

መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንዲት ትንሽ መዶሻ ሰጥተው አንድ ነገር አስጠነቀቁን። የድንጋይን ፊት ፀሐይና ዝናብ ይለውጡታል፤ ስለዚህ ፊቱን አትመኑ፣ ማንነቱን የምታውቁት ሰብራችሁ ውስጡን ስታዩ ነው አሉን። ለገና ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድም ሦስት ሦስት ዓይነት ድንጋይ ይዘን እንድንመለስ አዘዙን።

አንዱን ከውርጌሳ መንገድ ዳር፣ ሁለተኛውን ከመርሳ ወንዝ አነሣሁ። ሦስተኛው ግን ከሁሉም የሚበልጥ እንዲሆን ፈለግሁ።

ደብራችን ከመርሳ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የብረት ደወል አልነበረንም። በጠፍር ከወይራ ግንድ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር ደወላችን፤ ሲመታ ድምፁ ቆላ ድረስ ይወርዳል። ያ ድንጋይ ምን ዓይነት ቢሆን ነው እንዲህ የሚጮኸው?

በቀትር፣ በቅጽሩ ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት ገባሁ። ዲያቆን ነኝና ማንም አይከለክለኝም። የታችኛውን ጥግ በመዶሻዬ ሁለት ጊዜ ነካሁት። አውራ ጣት የምታህል ስባሪ እጄ ላይ ወደቀች።

ድምፁ ደኅና መሆኑን ለማወቅ መምታት ነበረብኝ። ነገር ግን ያለ ሰዓቱ ደወል ከተመታ ሕዝቡ እሳት ወይም ሞት ነው ብሎ ይወጣል... ተውኩት።

ኮሌጅ ስመለስ ስባሪዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ፎኖላይት እንደምትባል መምህራችን ነገሩን፤ ሲመቱት የሚጮህ ድንጋይ ማለት ነው። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ኮራሁ።

ለፋሲካ አገሬ ስገባ ደወሉ ተመታ... የተሰነጠቀ ገንቦ የሚመቱ ነበር የመሰለኝ።

ከእኔ መዶሻ የተነሣው ስንጥቅ በየቀኑ ምት እየሰፋ ሄዶ፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ የታችኛው ጥግ እስከነጭራሹ ወድቆ ነበር። ጥፋቱም በደዋዩ በአባ ወልዱ ላይ ተላከከ። ደወሉ የሚመታው በወይራ ዱላ ብቻ ነው፤ እሳቸው ሰንፈው በብረት መትተዋል ተባለ። ከደዋይነት ሊሽሯቸው፣ በደዋይነታቸው የሚያርሷትንም ቁራሽ መሬት ለሌላ ሊሰጡ የደብሩ ሰዎች ተስማምተው ነበር። ሽማግሌው ሌላ መሬት የላቸውም።

በማግስቱ ሕዝቡ ደጀ ሰላም ሲሰበሰብ ተነሥቼ ቆምኩ። የሰበርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ከነምክንያቱ፣ ከነሰዓቱ ተናገርኩ። መዶሻዬንም አውጥቼ አሳየሁ።

አንድ ገበሬ ተቀብሎ አገላበጣት።

«በዚች? ይችማ የዶሮ አጥንትም አትሰብር።»

ሰዉ ሳቀ። ትንሽ ምት በድንጋይ ውስጥ ስንጥቅ ልትጀምር እንደምትችል፣ ስንጥቁም ከውጭ ሳይታይ እንደሚሰፋ አስረዳሁ። የተማርኩትን ሁሉ ዘረዘርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ሰዎቹ በትምህርቴ ይደነቁ ጀመር እንጂ አንድም ያመነኝ አልነበረም።

ስባሪዋን ከኮሌጅ አምጥቼ ከቦታዋ ላይ እገጥማለሁ አልኩ። የደብሩ ገበዝ ቄስ ይመር ፈገግ አሉ።

«ደግሞ ድንጋይ ከአዲስ አበባ ልታስመጣልን ነው? እዚህ ምን ጠፍቶ?»

ብትመጣስ በምን ላይ እገጥማታለሁ... እኔ የነካሁት ጥግ ወድቆ፣ ተሰባብሮ፣ ከቅጽሩ ጠጠር ጋር ተቀላቅሏል።

የቀረኝ መሐላ ነበር። ወደ መስቀሉ እጄን ስዘረጋ ቄስ ይመር መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«ተው ዲያቆን። ሽማግሌ ላድን ብለህ ነፍስህን አታስይዝ። የልብህን ደግነት አይተናል።»

ከዚያም ወደ ሕዝቡ ዞረው ፈረዱ። አባ ወልዱ ጥፋተኛ ናቸው፤ ነገር ግን ዲያቆኑ እንዲህ ስለቆመላቸው ምሕረት ይደረግላቸው፣ መሬቷም ትቆይላቸው አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አንዲት እናት የእኔን እናት «የወለድሽው ይባረክ» ብለው አቀፏት። በኃጢአቴ ተመሰገንኩበት፤ ንጹሑ ሰው በእኔ በደል ምሕረት ተደረገለት። ከዚህ በላይ ምን እውነት ልጨምር?

ሰው ከተበተነ በኋላ አባ ወልዱን ከቅጽሩ በር ደረስኩባቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በሁለት እጃቸው ያዙኝ። እሳቸው እንኳ ካመኑኝ ይበቃኛል ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ በብረት መምታታቸውን እንደማያስታውሱ፣ ነገር ግን እጃቸው በእርጅና ከብዶ፣ በዱላውም ቢሆን አለቅጥ መትተው ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ። ይህን ያህል ሰው ሲል ሐሰት ሊሆን አይችልም ብለው ራሳቸው በራሳቸው ላይ አምነው ነበር።

ግንባሬን ሳሙኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ስለ እኔ ብለህ በደጀ ሰላም ዋሸህ። አንተ ተማሪ ነህ፣ አትራብ... በዓለ ሃምሳው ሲወጣ ንስሐህን እኔ እጾምልሃለሁ።»