የአባቴ መድኃኒት ቤት አረንጓዴ መስቀል

ልጅ እያለሁ፣ አመሻሽ ላይ ፊቴ አረንጓዴ ይሆን ነበር። የእኔ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ፊት። ይህን ለልጄ ለመቅደስ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ትስቃለች እንጂ አታምነኝም ነበር። ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ግን በዓይኗ አየች።

ከእኛ ሰፈር ዝቅ ብሎ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ አቶ ደምሴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የመብራት ሠራተኛ ይኖራሉ። ሆቴል በታደሰ፣ ሱቅ በፈረሰ ቁጥር እየሄዱ የሚጣለውን የድሮ የመብራት ታፔላ ሲሰበስቡ ኖረዋል። ከወረታም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከጎንደርም አምጥተዋል። ዛሬ ሁሉንም ጓሯቸው ውስጥ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ሰቅለው በሩን ለሰው ከፍተዋል። ጣሪያ የለው፣ ግድግዳ የለው። በምሰሶዎቹ መካከል የድንች መደብ አለ። ወጣቶቹ ሙዚየም ይሉታል። እርሳቸው "ጓሮዬ ነው" ይላሉ።

ወሬውን ያመጣችው መቅደስ ናት። "እማዬ፣ አያያንም ይዘን እንሂድ" አለችኝ። አያያ የምትለው አባቴን ነው። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። ጉልበታቸው ደክሟል፤ አእምሯቸው ግን፣ ተመስገን፣ እንደ ጥንቱ ነው።

"የምን ታፔላ?" አሉ።

"የሚበራ፣ የድሮ።"

"ይኼን ሁሉ ዕድሜ ኖሬ ታፔላ ለማየት ልውጣ?" አሉና ከዘራቸውን አነሡ።

ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አቶ ደምሴ ሽቦ እየፈተሹ ተቀበሉን። "ሁሉንም አንድ ላይ ካበራሁ ሰፈሩን አጠፋለሁ። በተራ ነው፤ ታገሡኝ" አሉ። መጀመሪያ የአንድ ምግብ ቤት ቀይ አውራ ዶሮ በራ። ቀጥሎ የፎቶ ቤት ሰማያዊ ካሜራ። ከዚያ አረፋው የሚፈስ የቢራ ብርጭቆ። መቅደስ በስልኳ እየቀረጸች እንደ ሕፃን ትዘላለች። እኔም ሳቅኩ። ወደ ጥጉ ስንዞር አቶ ደምሴ ሌላ ማብሪያ ጫኑ። አንድ ነገር ተርገበገበ፣ ጠፋ፣ እንደገና ተርገበገበና በራ። የመስታወት መስቀል ነው። አረንጓዴ።

የእኛው መስቀል ነበር። አባቴ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተጠጉት። መቅደስ ዞራ ሁለታችንን አየችንና "እማዬ! ፊትሽ!" ብላ ጮኸች።

መድኃኒት ቤታችን ለመንገድ ማስፋፊያ ሲፈርስ መስቀሉ አብሮ የደቀቀ መስሎን ነበር። "ከፍርስራሹ አወጣሁት" አሉ አቶ ደምሴ። "አንዱ ክንፉ ተሰብሮ ነበር። ባለሙያ ፈልጌ አስቀጠልኩት።" "እግዚአብሔር ይስጥልን" አልኳቸው።

አባቴ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ። በኋላ ከገሳይ በሚመጣው መንገድ ዳር ትንሽ መድኃኒት ቤት ከፈቱ። የአገሩ ሰው "ሐኪሙ" ነበር የሚላቸው። ቤታችን አዮዲንና እርጥብ ጋቢ ይሸት ነበር። እስከ ዛሬ አዮዲን ሲሸተኝ ቤቴ የገባሁ ይመስለኛል።

መስቀሉን ያመጡት በአንድ ገበሬ ምክንያት ነው። በክረምት፣ የታመመች ሚስቱን በቃሬዛ አሸክሞ ከገሳይ ወዲያ መጣ። ሲደርሱ መሽቷል። ከተማው ጨለማ ነው፤ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ነው። የሐኪሙ ቤት የትኛው እንደሆነ አላወቁም፤ የሰው በር እየመቱ ማስቸገሩንም ፈሩ። ዝናቡ ሲወርድባቸው ከአጥር ሥር አደሩ። አጥሩ የእኛ አጥር ነበር። ጠዋት አባቴ ለኪዳን ሲወጡ አገኟቸው። ሴትየዋን እግዚአብሔር አተረፋት። አባቴ ግን ሰላም አጡ። "ከአጥሬ ሥር!" ይሉ ነበር፣ ምግብ እየበሉ ሳይቀር። "ከአጥሬ ሥር እኮ ነው ያደሩት!"

ከዚያ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዱና እንዲህ ያለ መስቀል በአንድ ትልቅ መድኃኒት ቤት በር ላይ አዩ። ሲመለሱ አንዱን ይዘው መጡ። በጭድ በተሞላ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ለአውቶቡሱ ጣሪያ አላመኑትም፤ መንገዱን ሁሉ በጭናቸው አቅፈውት ነው የመጡት። እናቴ ደስ ብሏት ልትቀበላቸው ብትሮጥ "አትንኪኝ! አትንኪኝ!" አሏት። ይህን እስክትሞት ስታሾፍባቸው ኖረች።

ያኔ ከተማው መብራት የሚያገኘው በሞተር ነበር። ሲመሽ የሞተሩ ድምፅ ከታች ዱግ ዱግ ማለት ሲጀምር እኛ ልጆች ከየቤቱ ተፈትልከን መድኃኒት ቤቱ ደጅ እንሰበሰባለን። መስታወቱ ይርገበገባል። ትንፋሻችንን እንይዛለን። ድንገት ቦግ ሲል እልልታ ነው። ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል። "ጥርስሽን አሳዪ!" "ምላስህን አውጣ!" "እንቁራሪት! እንቁራሪት!" ነጭ የለበሰ ልጅ የዚያ ምሽት ንጉሥ ነው፤ ከእግር እስከ ራሱ አረንጓዴ ይሆናል። ለዚህ ስንል የእናቶቻችንን ነጠላ ደብቀን እናወጣ ነበር።

አባቴ ያላሰቡት ነገር ግን መጣ። ከገጠር የሚመጣው ሰው መስቀሉን ሲያይ ይሰግዳል። የበሩን መቃን ይሳለማል። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ጫማውን አውልቆ ይገባል። በገበያ ቀን ደጃችን የጫማ ክምር ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት የላስቲክ ጫማ ነው፤ ማን የማንን እንደሚያጠልቅ አይታወቅም። ጥንድ ጥንዱን እየፈለግን ማሰለፍ የእኛ ሥራ ሆነ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ከሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው። "ሐኪም፣ ራሴንስ አድነኸኝ ነበር። ግን ሁለት ግራ እግር አድርገህ ሰደድከኝ!" አሉ። አባቴ በሳቅ ወንበር ላይ ወደቁ።

የባሰው ደግሞ ጾሙ ነው። መስቀል ስላለበት፣ ክኒኑን እንደ ጠበል በባዶ ሆድ ነበር የሚወስዱት።

"ምን ቀምሰሽ ነው የዋጥሽው?" ይላሉ አባቴ።

"ውይ! መስቀል ካለበት የመጣውን በልቼ ልውሰደው እንዴ?"

"ይኼ እኮ ጠበል አይደለም፣ እናቴ።"

"ታዲያ ምኑን ነው የሚያድነው?"

አንዲት ሴት እንዲሁ በባዶ ሆዷ ወስዳ ደጃችን ላይ ወደቀች። እናቴ ሾርባ አጠጥታ አስነሣቻት። ደህና ሆነች፤ ወሬው ግን አላረፈም። "መስቀልን የሱቅ ታፔላ አደረገው" አሉ። "ዛሬ መድኃኒት ቤት ነው፤ ነገ ጠላ ቤቱም ይሰቅለዋል" ያለም ነበር። ነገሩ የደብራችን አለቃ ዘንድ ደረሰ። አለቃ "ከሠርክ ጸሎት በኋላ መጥቼ አየዋለሁ" ብለው ላኩ።

የዚያን ዕለት ቤታችን ተጨነቀ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። የአለቃን ቃል አይተላለፉም። "አውርድ ካሉኝ አወርዳለሁ" አሉ ለእናቴ። "ግን ያ ከአጥሬ ሥር ያደረው ሰውዬ ዳግመኛ ቢመጣ፣ በምን ያገኘኛል?"

"አንቱ ደግሞ፣ አለቃ ዓይን የላቸውም?" አለች እናቴ። ይህን ብላ ግን እሷም ወደ ሥዕለ አድኅኖው ዞረች። እኔም ከኋላዋ ቆምኩ። መብራታችንን እንዳይወስዱብን በልጅ አፌ እመቤቴን ለመንኩ።

አለቃ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጥምጥማቸው ትልቅ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ። ደጁ ላይ ወንበር ወጣላቸውና ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሞተሩ ተነሣ። መስቀሉ በራ። የአለቃ ጥምጥምና ጺም አረንጓዴ ሆነ። ከልጆቹ አንዱ ሳቅ አፈነና አመለጠው። እናቴ በዓይኗ ገደለችን።

"ለምን አረንጓዴ ሆነ?" አሉ አለቃ።

"የመድኃኒት ቤት ምልክት ነው አሉኝ፣ አባታችን" አሉ አባቴ ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው።

"እና ይሰግዱለታል?"

"ተው ብላቸው እንቢ አሉኝ።"

አለቃ ገና መልስ ሳይሰጡ አንዲት ሴት ከባሏ ጋር ብቅ አለች። ልጅ አዝላለች። መስቀሉን ስታይ ቆማ አማተበች፤ መሬት ነክታ ሰገደች፤ ጫማዋን አወለቀች። ቀና ስትል አለቃን አየችና መስቀላቸውን ለመሳለም ተጠጋች።

አለቃ አሳለሟትና "ልጄ፣ ለምን ሰገድሽ? ይኼ እኮ መድኃኒት ቤት ነው" አሏት።

"አውቃለሁ እንጂ አባቴ! መድኃኒት ቤት ባይሆን ልጄን አዝዬ ምን ላደርግ መጣሁ?"

"ታዲያ?"

"ቁልቁለቱ ላይ መሸብን። ልጁ ማልቀሱን ተወና ዝም አለብኝ። አልቆለታል ብዬ ነበር። ይኼን ሳይ ደረስኩ አልኩ። ስላደረሰኝ ነው የሰገድኩት።"

አለቃ ከወንበራቸው ተነሡ። "አያሌው፣ ምን ትገተራለህ? ልጁን እየው!" ብለው አባቴን ተቆጡ። አባቴ ልጁን ተቀብለው ሮጡ።

አለቃ አልሄዱም። ሴትየዋና ባሏ ውስጥ ሳሉ ደጁ ላይ ቆመው በለሆሳስ ሲደግሙ ቆዩ። ብዙ ከቆየ በኋላ ከውስጥ የልጅ ለቅሶ ተሰማ፤ ጠንካራ፣ የተቆጣ ለቅሶ። እናቴ እልል አለች። ልጅ አልቅሶ ሰው እንደዚያ ደስ ሲለው ያየሁት ያን ቀን ነው። አባቴ ላባቸውን እየጠረጉ ወጡና ከአለቃ ፊት ቆሙ፤ ፍርዳቸውን እየጠበቁ።

አለቃ ወደ መስቀሉ ቀና ብለው አዩ። "የሰገደችው ለጠርሙስህ አይደለም" አሉ። "አታውርደው።" ጥቂት ሄዱና ዞሩ። "ጫማቸውን ግን አያውልቁ በላቸው፤ ብርድ ነው!"

የሚቀጥለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለሕዝቡ ተናገሩ። "ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ ጫማችሁን እንዳታወልቁ። መድኃኒቱን ስትውጡም ብሉ" አሉ። የጫማውን ማንም አልሰማቸውም። የምግቡን ግን አገር ሰማ። ታማሚው አንድ፣ አስታማሚው አራት፣ ሁሉም ስንቃቸውን ይዘው መጥተው ደጃችን ላይ ተሰልፈው ይበላሉ። "አለቃ ብሉ ብለዋል!" አንዳንዱ ጤነኛ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት እየበላ መጥቶ "ለሐኪሙ ነው" ይል ነበር። አለቃ እንደገና አውደ ምሕረት ላይ ወጥተው "ያልኩት የታመመውን ነው!" ብለው እስኪጮኹ ድረስ።

ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ በፈገግታ ይሞላል። ድሮ አንድ መብራት ነበረን፤ አገር ሁሉ ያውቀው ነበር። ዛሬ በከተማችን መድኃኒት ቤት በየመንገዱ ነው፤ የሚርገበገብ አረንጓዴ መስቀልም አለው። ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ይህ ቅር ይለኛል? ትንሽ ይለኛል። ግን መቅደስ ሕፃን ሆና ትኩሳት ሲይዛት ቁልቁለት አልወረድኩም። መንገድ ተሻግሬ መድኃኒቷን ገዛሁና ተመለስኩ፤ ምድጃ ላይ የጣድኩት ሽሮ ሳያር። እናቴ ብታየኝ እልል ትል ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ማመስገኑንም ረስቼው ነበር። እነሆ አሁን አመሰግናለሁ።

አባቴ ከመስቀሉ ሥር ብዙ ቆሙ። ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

"ደምሴ፣ ይኼ አሁን ማንን ይጠብቃል?"

"ማንንም አይጠብቅም፣ አባቴ። እንዲያው ለማየት ነው።"

"ታሞ የሚመጣ የለም?"

"ወደ ጓሮዬ? የለም። ሰው የሚሄደው ሆስፒታል ነው።"

"እንዲያው ለማየት ብቻ?"

"ለማየት ብቻ።"

አባቴ መቅደስን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "እንዲያው ለማየት!" አሉ። "ተመስገን! እንዲያው ለማየት!"

አቶ ደምሴ ከድንቹ መደብ አጠገብ ወንበር አወጡላቸው። አባቴ ሁልጊዜ ከዚያ መብራት በስተጀርባ፣ ውስጥ፣ በሥራ ላይ ነበሩ። ያን ምሽት ግን ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ተቀምጠው አዩት።