ጀርባ መስጠት

አባቴ ፈረስ የሚገራው በዱላ ነበር። ልጅም እንዲሁ። ስለዚህ የጋሪውን ፈረስ፣ ዳማውን፣ ያለ ዱላ ልገራው ስነሣ ለፈረሱ አዝኜ ነበር ብል ውሸት ነው። አባቴን ላሳፍረው ፈልጌ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ ጎንደር ከተማ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ እየመዘገብኩ፣ ዛሬም አባቴ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ትከሻዬ በራሱ ጊዜ ይሰበሰባል። ዳማውም እንደዚያው ያደርግ ነበር። ልዩነታችን እሱ መንከሱ ነው።

አባቴ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ጠዳ ላይ ጋሪ ይነዳል። በገበያ ቀን እህል ወደ ወፍጮ ቤት ያመላልሳል፤ በሌላው ቀን ሲሚንቶም ይሁን ሰው ያገኘውን ይጭናል። የዳማው ተናካሽነት በከተማዋ የታወቀ ነበር። የጫኝ ክንድ ነክሷል፣ የሴት ነጠላ ቀዷል፤ በመጨረሻም በመስቀል ማግስት የአባቴን ትከሻ ይዞ አልለቅም አለ። ያን ቀን አባቴ ሸሚዙ በደም እንደራሰ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ጥምቀት ይለፍ እንጂ ሜዳ ነው የምጥለው» አለ። ሜዳ መጣል ምን እንደሆነ የጠዳ ሰው ሁሉ ያውቃል። መሥራት ያቃተው የጋሪ ፈረስ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ተወስዶ ይተዋል። የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል።

«እስከ ጥምቀት ለኔ ተወው» አልኩት።

«ምን ልታደርጊው?»

«ላስተምረው።»

«ፊደል ነው?» ብሎ ሳቀ።

ትምህርቱን የማገኘው ከስልኬ ነበር። አንዲት ፈረንጅ፣ ምንጣፍ በመሰለ ሣር ላይ፣ ገመድም ልጓምም ከሌለው ፈረስ ጋር ወዲያ ወዲህ ትላለች። እኔ ያለኝ ፍግ የሞላበት፣ በቁልቋል የታጠረ ጓሮ ነው። ዳማው ከጋሪ የሚያርፈው ደግሞ በበዓል ብቻ ነው፤ በሰንበት፣ በማርያም፣ በሚካኤል። በበዓል አባቴ ቤት ሥራ የሚባል ነገር አይነካም። ፈረስ ላይ ገመድ ካረፈ ሥራ ነው አለኝ። ያለ ገመድስ ብዬ ስጠይቀው ጥቂት አሰበና፣ «አብረሽው ከቆምሽ ምን ሥራ አለው፤ እሱስ ሥራ መፍታት ነው» አለ። ፈረንጇ ከብዙ ወራት ልምምድ በኋላ የምትደርስበት ያለ ገመድ መሥራት ለኔ የመጀመሪያ ትምህርቴ የሆነው እንዲህ ነው። በዓል እንዳልሽር ብዬ።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እጅሽን አንሥተሽ ፈረሱን ትክ ብለሽ ስታዪው ይርቅሻል፣ ዙሪያሽን ይዞራል። አንድ ጆሮውን ወዳንቺ ሲያዞርና አፉ ባዶ ሆኖ ሲያላምጥ እጅሽን ታወርጃለሽ፣ ዓይንሽን ትሰብሪያለሽ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽው ትሄጃለሽ። ያኔ ይከተልሻል። እኔ ግን ጀርባ መስጠትን የማውቀው በሌላ ትርጉሙ ነበር። እኛ ዘንድ እገሌ ጀርባውን ሰጠኝ ያለ ሰው ተወኝ፣ ካደኝ ማለቱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ፈረስ እንደ ግብዣ ይቆጥረዋል መባሉ የፈረንጅ ቀልድ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ሰንበት ላይ አፌ ለምዶብኝ «ቼ!» አልኩት። ፈረስ የሚነዳባት ቃል እሷ ናት። ዳማው ከዚያች ቃል በኋላ ምን እንደሚከተል ያውቃልና ቁልቋሉ ውስጥ ሊገባ ደረሰ፤ ተመልሶም ክንዴን ነከሰኝ። መሥሪያ ቤት ሁለት ሳምንት ማኅተም በግራ እጄ መታሁ። ከዚያ ወዲያ የሚያውቃቸውን ቃላት ሁሉ ተውኳቸው። አንድም ደግ ቃል አያውቅም ነበር። በዝምታ ሠራን።

ዳማው ወደ እኔ የመጣው የኅዳር ጽዮን ዕለት ነው። አለቃዬ በሰው ፊት አዋርዶኝ በማግስቱ ነው፣ ንዴቱ አልለቀቀኝም፤ ፈረሱንም ፈረንጇንም ረግሜ፣ በእውነት ትቼው ልሄድ ጀርባዬን ሰጠሁት። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ትኩስ ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ አረፈ። አሁን ነከሰኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ግንባሩን ጀርባዬ ላይ ለጠፈና ቆመ። እኔም ቆምኩ፤ አለቀስኩም። ከሰውም ከእንስሳም እንደዚያ ያመነኝ አልነበረም።

አባቴ ለካ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። «ምን አስነካሽው?» አለኝ። መድኃኒት አሠርቼ መስሎታል።

«አባባ፣ ና አንተም ጀርባህን ስጠው።»

እምቢ ብሎ ሳምንት ሰነበተ። ከዚያ አንድ ቀን ጓሮ ስገባ ሁለቱን አየኋቸው። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለ ይራመዳል፤ ዳማው ከኋላው። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ጎረቤት እየጠራ ማሳየት ጀመረ። «አያ፣ ፈረስህ መነኮሰ እንዴ? ምነው እንዲህ ሸጋ ሆነ?» ይሉታል። ዳማው ጀርባውን የሰጠውን ሰው ሁሉ ይከተል ነበር፤ ሰው አይመርጥም። እኔንም አመሰገኑኝ። ውስጤ ግን አረረ። ይፈር ብዬ የደከምኩበት ሰው ተደሰተ፤ እኔን ስለገረፈበት እጅ አንዲት ቃል አልተናገረም።

የዳማው ጥርስ ምን ይሠራለት እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ድሮ ሦስት ጆንያ ተጭኖ አራተኛው ሲነሣ ዳማው ጥርሱን ያሳያል፤ ጫኞቹም «ይበቃዋል» ብለው ይተዋሉ። አሁን ማንም አይፈራውም። አራተኛው ተጫነ፣ አምስተኛውም ተጫነ። ቆሞ ያላምጣል። አንድ የገበያ ቀን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የጋሪው እንጨት ጎብጧል። «አልበዛም?» አልኩት አባቴን።

«ያንቺ ትምህርት ጉልበት ጨመረለት» አለ እየሳቀ። ሰው ሰምቶት ነበር፤ እኔም ሙገሳው ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ጥምቀት በሰላም አለፈ። ሜዳ መጣሉም ተረሳ። በዐቢይ ጾም መግቢያ ግን ጋሪው ቁልቁለት ላይ አምልጦ አንዱ ጎማ ቦይ ገባ፤ ጭነቱም ፈረሱን ይዞት ወደቀ። አባቴ ደውሎ የነገረኝ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ነው። የቀኝ የፊት እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል።

የማውቀውን የእንስሳት ሐኪም ይዤ ጠዳ ወረድኩ። ዳበሰውና ራሱን ነቀነቀ። «አይድንም። ከፈቀዳችሁ መርፌ ወግቼ ላሳርፈው፤ አይሠቃይም» አለ።

«በቤቴ ነፍስ አላስጠፋም» አለ አባቴ።

«ሜዳ መጣልስ?» አልኩት።

«እሱ መግደል አይደለም። መተው ነው። የሚወስደው እግዜር ነው።»

በጅብ አፍ ነው የሚወስደው ልለው ነበር። ጠዳ ላይ በዚህ ነገር የሚከራከር የለም፤ ጋሪ ነጂው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያምነው። ሐኪሙም ባለቤቱ ሳይፈቅድ አልወጋም ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ። አባቴን ለምኜው ነበር ብል ደስ ይለኛል። አባቴ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ትከሻዬ ተሰበሰበ፣ አለቀ።

በማግስቱ ከሰዓት ወሰድነው። በሦስት እግሩ እየዘለለ ያንን ሜዳ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። አንዴም አላስቸገረም። መሬቱ ላይ የሌሎች ፈረሶች አጥንት ተበትኗል። አባቴ ገመዱን ከአንገቱ ፈታና ጠቅልሎ በእጁ ያዘ። «በይ እንሂድ» አለና ዞረ። እኔም ዞርኩ።

ዳማው ተከተለን።

አባቴ የኮቴውን ድምፅ ሰምቶ ቆመ። ዳማው እየዘለለ ደረሰ፣ ግንባሩን ጀርባው ላይ ለጠፈ። አባቴ ገፋ አድርጎት ፈጠን ብሎ ሄደ። እንደገና መጣ። የተሰበረው እግር እንደ ጨርቅ ይወዛወዛል። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አባቴ፣ «ምነው? ምነው አይተወኝም?» አለ። ድንጋይ አነሣና መልሶ ጣለው። ያ ዱላ የለመደ ሰው መምታት አቃተው።

«አንቺ ነሽ ያስተማርሽው» አለኝ። «መልሺው።»

እንዴት እንደሚመለስ አውቅ ነበር። ፊቴን አዞርኩበት፣ እጄን አነሣሁ፣ ትክ ብዬ አየሁት። ዳማው ታዘዘ። አንዴም ሳይቆጣ ዞሮ እየዘለለ ራቀ፤ ራቅ ብሎም ቆመ፤ አንድ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረና ማላመጥ ጀመረ። ጀርባዬን እየጠበቀ ነው።

«እንዳትዞር» አልኩት አባቴን። «የኋሊት ሂድ።»

እንዲያ ሄድን፤ እንደ ቤተ መቅደስ ተሳላሚ፣ ፊታችንን ወደ እሱ አድርገን፣ በድንጋይ እየተደናቀፍን። እጄ እንደተነሣ ነው። ትከሻዬ ሲዝል በሌላው እጄ ደግፌ ያዝኩት። ዳማው ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። በደንብ ነው ያስተማርኩት።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ባጃጅ መጣና ቆመ። ባጃጅ ውስጥ የኋሊት አይገባም። አባቴ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ ገባ። እኔም እጄን አወረድኩ፣ ዞርኩ፣ ገባሁ።

ጥቂት እንደሄድን ባለባጃጁ መስታወቱን አየት አድርጎ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ አባቴ ጭን ላይ ያለውን ገመድ አየ።

«እህቴ፣ ያ ፈረስ የናንተ ነው እንዴ? መንገዱን ይዞ እየመጣ ነው።»

አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት።

«የኛ አይደለም» አልኩ። «ንዳው።»