ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ቅጥያ

መኪናችን መንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠፋ ልጆቹ ከኋላ ተኝተው ነበር። ከመካ ወደ ጂዳ እየተመለስን ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በመካከለኛው መስመር ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። መሪው እንደ ድንጋይ ከበደ። ከኋላችን የነበረ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ በጎናችን ሲያልፍ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ባለቤቴ ታግሎ ዳር አወጣት። "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ቁልፉን ቢያዞረው ምንም እንዳልሆነች ተነሳች። እሱ ሳቀ። እኔ ጂዳ እስክንገባ የበሩን እጀታ አልለቀቅሁም።

ባለቤቴ በዚያች መኪና መካ ውስጥ ኩዳይ በሚባል ሰፈር ሆቴል የሚያጸዱ ሴቶችን ከጂዳ ያመላልሳል። ሲመለስ ደግሞ የተባረከውን የመካ ዘምዘም ውሃ ለሚፈልጉ ሰዎች በጀሪካን ይጭናል። መኪናዋ አሮጌ ናት፣ የተመዘገበችውም በካፊላችን፣ ዋስ በሆነን ሳውዲ ስም ነው። ሌላ ለመግዛት አቅም የለንም። ከዚያ ቀን በኋላ እሱ በወጣ ቁጥር የሚታየኝ ያ የጭነት መኪና ነው። ደጋግማ ስትጠፋበት ፔትሮሚን የሚባለው የጋራዥ ሰፈር ወዳለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሊወስዳት ተነሳ። እኔም ካልሄድኩ አልኩ።

ሠራተኛው እንደኛ የወሎ ሰው ነው። ወንበሮቹን ፈታ፣ ምንጣፉን ገለጠ፣ ሽቦዎቹን አሳየን።

"ፋብሪካ የሠራው ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀለሙ አንድ ነው" አለ። "ቀለሙ የተለወጠበት ቦታ ሰው እጁን አስገብቷል ማለት ነው። ጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለበትንም ተጠራጠሩ።"

የኔ እጅ ከሱ ይቀጥናል። እሱ የማይደርስበት ጥግ እኔ እጄን እየሰደድኩ እዳብስ ጀመር። ምስር ስለቅም ድንጋዩን ጣቴ ቀድሞ እንደሚያውቀው፣ ናስትሮ የተጠቀለለበትን እብጠትም ጣቴ ያገኘው ነበር። አንዱ ለቴፕ የተቀጠለ ነው፣ አንዱ ለማራገቢያ፣ አንዱ ለባለቀለም መብራት። ከኛ በፊት የነዷት ሰዎች ዕቃቸውን ነቅለው ሽቦውን ትተውልናል።

"ይህን ሁሉ ከቀጠሉ አይቀር የሠርግ አዳራሽ ለምን አላደረጓትም?" አለ ሠራተኛው። ባለቤቴ ብቻ ሳቀ።

ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ወለሉ ርጥብ ነበር። ሠራተኛው እዚያ ያለውን ቅጥያ ናስትሮ ሲልጠው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ጣቱ ላይ ቀረ።

"ምን ውሃ ነው የምታፈሱባት?"

"ዘምዘም ነው" አለ ባለቤቴ። "ከጀሪካኑ ይንጠባጠባል። በቆሻሻ ጨርቅ እንዴት ይጠረጋል ብዬ ራሱ እንዲደርቅ እተወዋለሁ።"

ያን ውሃ መርገጡ ራሱ ያሳፍረው ነበር። እዚያ ጥግ የምትቀመጠውን ሴት ጫማሽን አውልቂ ይላት ነበር።

"ወንድሜ፣ እኔም እጠጣዋለሁ" አለ ሠራተኛው። "ሽቦ ግን ውሃው ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ውሃ ካገኘው ይበላዋል።"

የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪያገኝ ወደ ኋላ ቆረጠው፤ አዲስ ሽቦ ቀጥሎ በየደው፣ ሲሞቅ የሚጠብቅ ቱቦም አለበሰው። ትርፍ የሆኑትን ከሥራቸው ቆርጦ ጫፋቸውን ዘጋ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ የሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ ነቀነቀ። አልጠፋችም። እኔም ተነፈስኩ።

እሱ ግን ገና አልጨረሰም ነበር። እጁን ወደ ዳሽቦርዱ ሥር፣ ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት በላይ ሰደደና የሽቦውን እስር ነካ አደረገው። ሞተሩ ጠፋ። ተጭኖ ይዞ አስነሳት፣ ሠራች። ለቆ ነቀነቀው፣ ጠፋች።

"እዚህ የሌባ መከላከያ ነበረ" አለ። "የሞተሩን ሽቦ ቆርጠው ነው ያስገቡት። ሲያወጡት በእጃቸው ጠምዝዘው ትተውታል።"

"ይህንንም ሥራልን እንጂ" አልኩት።

በስልኩ መብራት አሳየኝ። የሽቦዎቹ ልባስ በሙቀት ብዛት ደርቆ፣ ትንሽ ሲያጎብጠው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይፈረፈራል።

"እህቴ፣ ይህን ከከፈትኩ የምዘጋው አይመስለኝም። አንዱን ስይዝ ሌላው ይሰበራል። እስሩ እንዳለ መቀየር አለበት። ያረጁ መኪኖች የሚፈቱበት ቦታ ሁሉ ለሌላ ሰው ፈልጌ አይቻለሁ። የዚህች ዓይነት የለም፣ ቢገኝም እንደዚሁ የተቆራረጠ ነው።"

"ታዲያ ምን እናድርግ?"

"አትንዷት።"

ባለቤቴ ወንበሩን መልሶ ሲያስር ቀና አላለም። "ነገ ሴቶቹን ማን ያደርሳቸዋል? ኻላስ፣ በቃ። ያላ፣ እንሂድ።"

ስንመለስ ፊት ተቀመጥኩና ጉልበቴን ወደ ላይ አድርጌ እስሩን ተጫንኩት። ቤት እስክንደርስ አልጠፋችም። በማግስቱ ሴቶቹ ሲሳፈሩ ወርጄ፣ ፊት የተቀመጠችውን እጇን ይዤ ቦታውን አስነካኋት።

"እትዬ፣ በኔ ጉልበት ነው እንዴ የምትሄደው?" አለችኝ። "ታዲያ ቤንዚኑን ለምን ይቀዳል?"

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ግን ተጫነችው። ከዚያ ወዲህ በየተራ ይይዙት ጀመር። ተረኛዋ ሥራ ሳትገባ ደከመኝ እያለች ታማርራለች አሉ። እኔም ባለቤቴ ከመካ ከመነሳቱ በፊት እደውላለሁ። በደህና ግባ አልለውም፤ "ፊት ማን አለ?" ነው የምለው። እዚህ ተወልዳ ያደገችው ትልቋ ልጄ ይህን ስትሰማ "ኻላስ ያ ማማ" ብላ ክፍሏ ትገባለች።

በቅርቡ ሆቴሉ ለሴቶቹ እዚያው ኩዳይ መኝታ ሰጣቸው። ለነሱ ደግ ሆነላቸው፣ መንገዱ ቀረላቸው። ባለቤቴ አሁን የሚሄደው ውሃውን ለማምጣት ነው። ብቻውን።

ትናንት ከመካ ሊነሳ ሲል ደወልኩ።

"ፊት ማን አለ?"

"ሰው የለም። አትጨነቂ፣ ውሃ የሞላውን ትልቁን ጀሪካን ፊት ወለሉ ላይ አቁሜ ሽቦው ላይ አስደግፌዋለሁ። ካንቺ ጉልበት ይሻላል።"

"ክዳኑን አጥብቀኸዋል?" አልኩት።

"አጥብቄዋለሁ" አለ።

ሞተሩ ሲነሳ በስልኩ ሰማሁ። እሱ እስኪዘጋው እኔ አልዘጋሁትም።